የሙዱላው ሳጥን የሞላ ጊዜ

ለአሥራ ስድስት ዓመት በጣቢያችን ውስጥ ቴክኒሻን ማለት እኔ ነበርኩ። ሌላ አልነበረም። ሆሳዕና ያለች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ናት፤ በአማርኛ፣ በሀዲይሳና በከምባቲሳ ታሰራጫለች። በካሴት ጀመርኩ፤ ሲዲ መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ ሁሉንም እየወደቅኩ እየተነሳሁ ለመድኩት። ድምፅ በተቋረጠ ቁጥር ጋዜጠኞቹ ከስቱዲዮ ብቅ ብለው ኮሪደሩ ላይ የሚጠሩት የእኔን ስም ነበር። ምሳዬን አቋርጬ ስሮጥ የተማረርኩ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲፈልግህ ምሳ ቢቀዘቅዝ ምን አለበት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሾኔና ሙዱላ ላይ ማሰራጫ ሲተከል ከየማሰራጫው ጋር አንዳንድ ትንንሽ ሳጥኖች መጡ። መጠናቸው የጸሎት መጽሐፍ ያህላል። ሥራቸው ከሆሳዕና በኢንተርኔት የሚላክላቸውን ድምፅ ተቀብለው ለማሰራጫው ማቀበል ነው። ያመጣቸው ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጥቶ አንድ ቀን አሠለጠነን። "ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው" አለ። ፓስወርዱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝና ከሰዓት በኋላ በሚነሳው መኪና ተመለሰ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሳጥኖቹ ለረጅም ጊዜ አላስቸገሩኝም። ከዚያ የሙዱላው መቆም ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን በወር አንዴ ነበር። ለታወሩ ጥበቃ እደውልና "አባባ፣ ገመዱን ይንቀሉት፤ እስከ አሥር ይቁጠሩና መልሰው ይሰኩት" እላቸዋለሁ። ይሠራል። ቆይቶ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በሦስት ቀን። መጨረሻ ላይ ጠዋት ተሰክቶ ቀትር ላይ የሚቆም ሆነ። መብራት ነው አልኩ፤ ስታቢላይዘር ተገዛ። ኔትወርክ ነው አልኩ፤ መስመሩ ተቀየረ። አንድ ቀን ሄጄ ሳጥኑን ፈትቼ አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩለት። በማግስቱ ቆመ። የሙዱላ ሰዎች እየደወሉ "እናንተ እኛን ረስታችሁናል ወይ?" ይሉ ጀመር።

በዚህ መሃል ነው ጣቢያው ሁለተኛ ቴክኒሻን የቀጠረው። ልጅቷ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት፤ ከአንጋጫ ገጠር ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረች የከምባታ ልጅ። ማዕዘኑ በፕላስተር የተጠገነ አሮጌ ላፕቶፕ በጀርባዋ ይዛ ነው የምትመጣው። በተቀጠረች በሦስተኛው ቀን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠግታ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ የሙዱላው ሳጥን ውስጥ ገብተው አይተው ያውቃሉ?"

"እንዴታ! ፈትቼ አጽድቼዋለሁ። አቧራ የለውም" አልኳት።

አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ እቆጣና ይወጣልኝ ነበር። ወንበሯን ይበልጥ አስጠግታ "ማለቴ በላፕቶፕ" አለች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው የጠላኋት።

"ፓስወርዱ አለዎት?" አለችኝ።

"አልሰጡንም" አልኩ። እግሬ የመሳቢያውን ጠርዝ ነክቶ ነበር።

አሁን ሳስበው እንኳ ለምን እንዳልኩት በደንብ ማስረዳት አልችልም። ቀድሜ አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን ጠበቅኩት። ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ የፓስወርዱን ወረቀት አውጥቼ በቢሮው ኮምፒውተር ለመግባት ሞከርኩ። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። ምን ልጻፍለት? ለግማሽ ሰዓት ያህል ተፋጠጥንና ዘጋሁት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን እንደ ቀላል ነገር "ፓስወርዱን ከአዲስ አበባው ኢንጂነር አገኘሁት፤ ግን ከዚህ ሆኖ መግባት አይቻልም፤ እዚያው መሄድ አለብን" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። አለቃችን ሁለታችንንም እንድንሄድ ፈቀደ።

በጠዋት ተነስተን በዱራሜ በኩል ሄድን። መንገዱን ሁሉ እኔ ነበርኩ የማወራው። ይህን ታወር ስንተክል እንዲህ ሆነ፣ ያኛው ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ ማሰራጫውን በሰው ሸክም አሻገርን እያልኩ። ምን ሠርተሃል የሚለኝ ሰው እንዳይኖር የፈራሁ ይመስላል። እሷ በትህትና ታዳምጣለች። አንዳንዴ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

የታወሩ ጥበቃ የጠምባሮ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ለዓመታት ያውቁኛል፤ ስደርስ ተነስተው እጄን ይጨብጣሉ፣ በሩን ይከፍቱልኛል፣ ወደ ዛፋቸው ጥላ ይመለሳሉ። ከዚያ አልፎ የተጨዋወትንበት ቀን የለም። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ሀዲይሳ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ልጆች ይስቁብኛል። ከምባቲሳማ ሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው። ልጅቷ ከመኪና እንደወረደች በቋንቋዋ ሰላም አለቻቸው። የእሳቸውና የእሷ ቋንቋ እንደ ወንድማማች ነው፤ ይግባባሉ። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ስለ አባቷ ጠየቁ፣ ስለ አያቷ ጠየቁ፤ በመጨረሻ የሚያውቁት አንድ ሰው ተገኘና ሁለቱም አጨበጨቡ። ወደ ቤታቸው ልከው ቆጮና አይብ አስመጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

"ያቺ ልጅ የኛ ናት" አሉኝ በአማርኛቸው፣ ደስ ብሏቸው። እኔ የማን እንደሆንኩ አልተናገሩም።

ማሰራጫው ክፍል ገባን። ላፕቶፑን ባዶ ካርቶን ላይ አስቀምጣ ገመድ ሰካች። ያው ጥቁር ስክሪን መጣ፤ እሷ ግን አልተፋጠጠችውም፤ ጣቶቿ መሮጥ ጀመሩ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ "አየሁት" አለች።

"ምኑን?"

"ሞልቷል ጋሼ። ማስታወሻ የሚጽፍበት ቦታ አጥቷል። አንድ ፊደል እንኳ የሚያስቀምጥበት የለውም። ለዚያ ነው የሚቆመው።"

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አስረዳችኝ። ሳጥኑ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር "አሁን ተቋረጠ፣ አሁን ተመለሰ" እያለ መዝገብ ይጽፋል። የሙዱላ ኔትወርክ ደግሞ የታወቀ ነው። መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ፤ መስመሩ አያልቅም፣ ያው ቃል እየተደጋገመ ይወርዳል ይወርዳል። ለዓመታት ማንም ሳያነብለት ሲጽፍ ኖሯል።

"ሌላም አለ" አለች። "የሚያሰራጨውን ድምፅ ሁሉ እየቀዳ ያስቀምጣል። ይህን እንዲያደርግ የሆነ ሰው አዞታል። ማን እንደሆነ ያውቃሉ?"

አወቅኩ። ሳጥኑ በተተከለ ሰሞን አንድ ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ "አልተላለፈልኝም" ብሎ ስለተከራከረ፣ ማስረጃ እንዲሆነን ብዬ ራሴ ነኝ ኢንጂነሩ ባሳየን የቅንብር ገጽ ላይ ምልክት ያደረግኩት። ክርክሩ በሳምንቱ አለቀ። ምልክቱ ግን እንዳለ ቀረ። መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው ስል የከረምኩበትን ሳጥን ግማሹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"ከፋብሪካው እንደዚያ ሆኖ መጥቶ ይሆናል" አለች፤ አላየችኝም።

የድምፅ ፋይሎቹን ዝም ብላ እንድታጠፋቸው ነገርኳት። የመጀመሪያው ፋይል ቀኑን ይዟል፤ ያን ቀን ሙዱላ የነበርኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። "አይሆንም፣ ምን እንዳለበት አናውቅም" ብላ ሁሉንም ወደ ራሷ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ጀመረች። ረጅም ሰዓት ወሰደ። ቆጮውን በላን። ሽማግሌው ለእሷ እየጨመሩ ለእኔም ያካፍሉኝ ነበር።

ተገልብጦ ሲያልቅ ድምፆቹን አጠፋች። ከዚያ ያን ትልቁን የመዝገብ ፋይል አጠፋች። ቦታው ምን ያህል እንደተለቀቀ ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ። ደግማ አየች። የድምፆቹ ቦታ ተለቋል፤ የመዝገቡ ቦታ ግን አልተለቀቀም። ፋይሉ የለም፤ ቦታው ግን እንደተያዘ ነው።

እዚህ ላይ የተሰማኝን መደበቅ አልፈልግም። ደስ አለኝ።  የሙዱላ ሰው ሬዲዮ ማጣቱ፣ ያን ሁሉ መንገድ መምጣታችን ትዝ አላለኝም። "እንግዲህ አልሆነም ማለት ነው" ብዬ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ ለአለቃችን የምነግረው ቃል እንኳ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። "ልጅት ሞክራ ነበር" ልል።

ጉልበቷን አቅፋ ስክሪኑን እያየች ቆየች። ከዚያ ድንገት ሳቀች።

"አልለቀቀውም እኮ!" አለች። "ጋሼ፣ እዩት፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን እንደያዘው ነው። እኔ ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት እንጂ እሱ ከእጁ አላወጣውም። እስካለቀቀ ድረስ ቦታው አይመለስም።"

ሌላ ትእዛዝ ጻፈች። ማሰራጫው ለአፍታ ዝም አለ፤ ሽማግሌው ከውጭ አንገታቸውን አስግገው አዩን። ወዲያው ድምፁ ተመለሰ። ቦታው ተለቆ ነበር። መዝገቡ ከእንግዲህ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ገደብ አበጀችለት፣ ቀረጻውንም ዘጋችው። በመጨረሻ ሳጥኑ የሚነሳበትን ሜሞሪ ካርድ እንዳለ በሌላ ካርድ ገልብጣ፣ ያን ትርፍ ካርድ በክኒን ፖስታ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ላይ አለቃችን ከወንበሩ ተነሳ። "ለስንት ወር ያስቸገረንን ነገር ይህቺ ልጅ በአንድ ቀን ፈታችው!" ብሎ አስጨበጨበላት። እሷ አንገቷን ደፍታ "ከጋሼ ጋር ነው የሠራነው" አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ በአዘኔታ ፈገግ አለልኝ። ያች ቃሏ ከጭብጨባው በላይ አቃጠለችኝ፤ ከሳህኗ ላይ የቆረሰችልኝ መሰለኝ። በዚያው ዕለት የከሰዓቱ አቅራቢ በቀጥታ ሥርጭት አመሰገናት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰምታ ኖሮ "አዲሷ ልጅ ጎበዝ ናት አሉ" አለችኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የእኔን ድካም በማይክ ያነሳ ሰው አልነበረም። ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደስ አይሉም። ስልክ ሲጮህ እሷን ነው የሚጠይቁት። ኮሪደሩ ላይ የሚጠራው የእሷ ስም ሆነ። እኔ ምሳዬን ትኩሱን በልቼ እጨርሳለሁ። አካሄዷን ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ፤ ስንት ጊዜ አለቃችን ቢሮ ገባች፣ ማን ሻይ ጋበዛት። የማውቃትን ያህል ሚስቴን የማውቅ አይመስለኝም ነበር።

የሾኔው ሳጥንም እየሞላ መሆኑን ከሙዱላው አስልታ ያወቀችው እሷ ናት። "ገና አልቆመም፤ ግን ሩቅ አይደለም። ሐሙስ እሄዳለሁ" ብላ በስብሰባ ላይ ተናገረች። ማክሰኞ ጠዋት ቤተሰብ ልትጠይቅ አንጋጫ እንደሄደች ሰማሁ። ወዲያው ከመናኸሪያው የሾኔ ሚኒባስ ያዝኩ። ሙዱላ ላይ ከትከሻዋ በላይ እያየሁ ትእዛዞቹን በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌያቸው ነበር፤ አንድ በአንድ፣ ነጥቡንም ሰረዙንም። ለማንም አልነገርኩም። ጨርሼ ልደውል ነበር ያሰብኩት።

የገበያ ቀን ነበር። ሰውና ከብት መንገዱን ሞልቶታል። በየሻይ ቤቱ የእኛ ሬዲዮ ተከፍቷል። ማሰራጫው ክፍል ገብቼ የቢሮውን ላፕቶፕ ሰካሁ፣ ፓስወርዱን አስገባሁ፣ ገባሁ። ያ ጥቁር ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዘኝ። የጻፍኩትን እያየሁ ጻፍኩ። አጥፋ አልኩት፤ አጠፋ። ቦታው ስንት እንደሆነ ሳይ ከጠበቅኩት በላይ ተለቋል። ሬዲዮውም እየዘፈነ ነው። ለአለቃችን ደወልኩ።

"ሾኔን ጨርሼዋለሁ" አልኩት።

"አንተ? ብቻህን?" አለኝ። የደነቀው ድምፅ ነበር። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር!

ከዚያ እሷ እንዳደረገችው ፕሮግራሙ እንዲለቅ ማስነሳት አለብኝ ብዬ፣ ያን ትእዛዝ በደብተሬ ላይ አንብቤ ማውጣት ስላቃተኝ፣ በለመድኩት መንገድ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።

አልተነሳም። መብራቱ አንዴ ብልጭ አለና ቀረ። ደግሜ ነቀልኩ፤ እስከ አሥር፣ እስከ ሃያ፣ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ከውጭ ከየሻይ ቤቱ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው "ምን ሆነ?" ሲል ሰማሁ። በኋላ እንደገባኝ፣ ከማጥፋቴ በፊት ወደ መዝገቡ ፎልደር መግባት ነበረብኝ። ያችን አንዷን መስመር ዘልያታለሁ። ሳጥኑ የሚነሳባቸውን ፋይሎች ነው የጠረግኳቸው። እየዘፈነ የቆየው ቀድሞ የያዘው ነገር ስለነበር ብቻ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለማን እደውላለሁ? አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስልኩን አውጥቼ መልሼ ኪሴ ከተትኩ፤ እንደገና አወጣሁ።

"ሾኔ ነኝ" አልኳት። "ሳጥኑን አበላሽቼዋለሁ።"

 ከጀርባዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። "አይንኩት። እመጣለሁ" አለች።

ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቅኳት። በዚያ ሰዓት ሁሉ አለቃችን ሲደውል አላነሳሁም። ከባጃጅ ወርዳ ስትመጣ ጫማዋ ጭቃ ነበር፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ያችን የክኒን ፖስታ አውጥታ የሳጥኑን ካርድ በትርፉ ተካች፣ የሙዱላ የሚለውን ሾኔ ብላ ቀየረች፣ ሰካች። ሾኔ ተመለሰ። የእሷ ስልክ ጮኸ፤ አለቃችን ነበር። አጠገቧ ቆሜ ስለነበር የሁለቱንም እሰማለሁ።

"ምን ሆኖ ነው?" አላት።

"ካርዱ ነው። አርጅቶ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ነው የሞተው። ጋሼ ባይደርሱበት ይብስ ነበር" አለች።

በሚኒባሱ ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ ከሄድን በኋላ ጠየቅኳት።

"ለምን ዋሸሽልኝ?"

"ለእርስዎ ብዬ አይደለም" አለች መስኮቱን እያየች። "ሁለት ሰው ነን። አንዱ ከተባረረ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። ማሰራጫውን ደግሞ አላውቀውም።" ከዚያ "ፓስወርዱ መሳቢያዎ ውስጥ እንዳለም አውቃለሁ። ኢንጂነሩ 'ለቴክኒሻናችሁ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻለሁ' አለኝ። ያን ጊዜም ዝም ብያለሁ" አለች።

ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ተለያየን።

እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የፓስወርዱን፣ የቀረጻውን፣ የሾኔውን። ስወጣ ቀለለኝ። ሰው ሆንኩ አልኩ። ያ ቅለት እስከ ቀትር ብቻ ነው የቆየው። ቀትር ላይ እሷም ተጠራች። ስትወጣ በእጇ ወረቀት ይዛለች፤ ለእኔም በኋላ ተሰጠኝ፤ ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ነው። የእኔ ሥራ በማበላሸትና በመደበቅ። የእሷ ለኃላፊ የተሳሳተ መረጃ በመስጠት።

ጠረጴዛዬ ላይ መጥታ ቆመች። እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"ሊነግሩት ከፈለጉ መጀመሪያ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? አብረን እንገባ ነበር። ራሴ እናገር ነበር። እርስዎ ኅሊናዎን ሊያሳርፉ እኔን ውሸታም አደረጉኝ።"

"አላሰብኩትም" አልኳት።

"አላሰቡትም?" አለችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እውነት አላሰብኩትም? አለቃችን ፊት ቆሜ "ካርዱ ነው ያለችህ እኔን ልትሸፍን ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ስል የእሱ ፊት እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ፤ ለእሷ የነበረው ነገር ትንሽ ሲደበዝዝ አይቻለሁ። አይቼም አላቆምኩም። ንስሐዬ ውስጥ እንኳ ቅናቴ ተቀምጦ ነበር። ይህን ለመቀበል ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

ለአንድ ወር ያህል ከሥራ ውጭ አላናገረችኝም። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "እሺ" አለች፤ እሺ ብቻ። አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ ሄድኩና "ትእዛዞቹን አስተምሪኝ" አልኳት። እምቢ አላለችም። ፈገግታ የሌለው አስተማሪ ነበረች። አንዷን መስመር ከመጻፌ በፊት የት ፎልደር ውስጥ እንዳለሁ ጮክ ብዬ እንድናገር ታደርገኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ "አሁን ያለሁት እዚህ ነው" እላለሁ። ጋዜጠኞቹ እየሰሙ ይስቁ ነበር። እኔም ጠረጴዛው ስር ጉልበቴን እጨብጥ ነበር።

ክረምት ሲገባ የሆሳዕናውን ማሰራጫ መብረቅ መታው። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ሽታውን ከበሩ ላይ ነው የለየሁት፤ የትኛው ክፍል እንደተቃጠለ ሳልከፍተው አውቄያለሁ። እሷ ብዕሯን ይዛ አጠገቤ ቆመች። "ያስተምሩኝ" አለች። ጠዋት ጀምረን እስከ አመሻሽ ድረስ ሠራን። የሚያስፈራውን ቦታ፣ እጅ መግባት የሌለበትን፣ በድምፁ ብቻ የሚታወቀውን ሁሉ አሳየኋት። መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይህችን እንኳ ለራሴ ላስቀራት የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንዷን በእርግጥም ዘለልኳት። ትንሽ ቆይቼ ግን ተመለስኩና ነገርኳት። ጻፈችው። መዝለሌን አውቃ እንደሆን አላውቅም።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ሆና ተሾመች። ስሟ ሲጠራ ከሁሉም ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪያመኝ። ተነስታ ስትሄድ እንባ አቅርራ ነበር፤ ላፕቶፕዋን በፕላስተር ለምትጠግነው ለዚያች ልጅ ሹመቱ እንደሚገባት አውቅ ነበር። ማወቄ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር አላነሳውም። አሁን የዓመት ፈቃዴን የምትፈርመው እሷ ናት። በትህትና ነው የምትፈርመው፤ አሁንም "ጋሼ" ነው የምትለኝ።

በተሾመችበት ቀን ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ በር ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ሰምታለች፤ ሆሳዕና ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል።

"ከፋህ እንዴ?" አለችኝ።

ሁልጊዜ እንደምለው "ደክሞኝ ነው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"ቀናሁ" አልኳት። "በጣም ቀናሁባት። ከመጣች ቀን ጀምሮ።"

ጎመኑን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ትደነግጣለች ብዬ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ የማላውቅ መስሎህ ነው?" አለች። "ይልቅ ተቀመጥና ቀንጥስልኝ፤ ብዙ ነው።"

ጫማዬን አውልቄ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።